ከሳንቲሙ በፊት በርጩማ



የጁሙዓ ሰላት አልቆ ከመስጂድ ስትወጡ በሩ ላይ የምታገኟቸውን ሰዎች እስቲ አስታውሱ። ዐይነ ስውሩ አለ። እግሩ የማይታዘዝለት አለ። አንዳንዴም ሃያ ዓመት የሞላው፣ ጢም ያወጣ፣ ነገር ግን እንደ ሕፃን የሚስቅና እናቱ እጁን ይዛው የተቀመጠች ወጣት አለ። እጃችሁን ወደ ኪሳችሁ ትሰዳላችሁ፤ ሳንቲሙን ትሰጣላችሁ፤ «አልሐምዱሊላህ» ብላችሁ ወደየሱቃችሁ ታመራላችሁ። ሱቃችሁ ውስጥ ዕቃ የሚያወርድ፣ የሚደረድር፣ የሚጠርግ፣ የሚጠቀልል ሰው ያስፈልጋችኋል። «ሠራተኛ ጠፋ» እያላችሁም ታማርራላችሁ። ያን በመስጂዱ በር ያለፋችሁትን ወጣት ግን ለአንድ አፍታ እንኳ ለዚያ ሥራ አላሰባችሁትም።

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ሰደቃ አትስጡ የሚል ሰው አላህን ሊፈራ ይገባዋል። ክርክሬ ሳንቲሙን ሰጥተን ዕዳችንን የከፈልን ከመሰለን ከሁላችንም ጋር ነው። ለዚያ ወጣት ያለብን ዕዳ ሙያ ነው። ሙያ ደግሞ የሚለመደው ከባለሙያው አጠገብ በርጩማ ተሰጥቶ ነው። ያ በርጩማ ያለው በየሱቃችን፣ በየስፌት ቤታችን፣ በየጋራዣችን ውስጥ ነው። እኛ ካልሰጠነው ማንም ሊሰጠው አይችልም።

ልዩ ክፍሉ ሲያበቃ ወዴት?

በባሕር ዳርም ሆነ በሌሎች ከተሞች አንዳንድ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ውስጥ «ልዩ ክፍል» የሚባል አለ። መስማት የተሳናቸው፣ ማየት የተሳናቸው፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች ይማሩበታል። ልጁ እዚያ እጁን መታጠብ፣ ጫማውን ማሰር፣ መቁጠር፣ ስሙን መጻፍ፣ ተራ መጠበቅ ይማራል። መስማት የተሳናት ልጅ የምልክት ቋንቋ ታገኛለች፤ ከሰው ጋር የምትነጋገርበት በር ይከፈትላታል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። በዚያ ክፍል የሚደክሙትን መምህራን አላህ ምንዳቸውን ይክፈላቸው።

ከዚያስ? ልጁ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ስምንት ዓመት ይሞላዋል። ወንበሩ ይጠብበዋል። አብረውት ያሉት ሕፃናት ትከሻው ሥር ይቀራሉ። አንድ ቀን ትምህርቱ አበቃ ይባልና ወደ ቤት ይመለሳል። ቤት ውስጥ የሚጠብቀው ሥራ የለም፤ ጓደኛ የለም፤ ጠዋት የሚያስነሳው ምክንያት የለም። በስንት ድካም የለመደውን በሁለት ዓመት ውስጥ ይረሳዋል። አሥር ዓመት የለፋበት ትምህርት መጨረሻው የጓሮ ግድግዳ ጥላ ይሆናል።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕጉ አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት ሀብት እንዲመድብ ያዛል። ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 568 ደግሞ ቀጣሪው በጉዳት ምክንያት ማንንም እንዳያገል ይከለክላል። ውጤታቸው እኩል ወይም ተቀራራቢ ከሆነ ለአካል ጉዳተኛው ቅድሚያ እንዲሰጥ ያዛል። የሥራ ቦታውንና መሣሪያውን ለሠራተኛው እንዲመች አድርጎ ማስተካከልም የቀጣሪው ግዴታ መሆኑን ይደነግጋል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጽድቃለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 27 ስለ ሥራ መብት ነው።

ታዲያ ምን ጎደለ? አዋጁን ልብ ብላችሁ አንብቡት። የሚጠብቀው ለሥራው ተፈላጊውን ችሎታ ያሟላውን ሰው ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ለተመረቀች ዐይነ ስውር ይህ ሕግ ጋሻ ነው። ከልዩ ክፍል ወደ ቤት ለተመለሰው ልጅ ግን ችሎታህን በወረቀት አምጣ ይለዋል። ወረቀቱን የሚሰጠው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ነው። የኮሌጁ መደበኛ ሥልጠና በደረጃ የተከፋፈለ ነው፤ ለመግባት የትምህርት ደረጃና የፈተና ውጤት ይጠየቃል፤ ሲጨርሱም የብቃት ምዘና አለ። ቁጥር እስከ ሃያ ለመቁጠር አምስት ዓመት የፈጀበት ልጅ በየትኛው በር ይግባ? በአንድ በኩል ሕጉ ያለ ችሎታ አይቀጥረውም፤ በሌላ በኩል ትምህርት ቤቱ ያለ ፈተና ችሎታ አይሰጠውም። በሁለቱ መካከል ያለው ገደል ውስጥ ነው ልጆቻችን የሚወድቁት። ይህን ገደል በአዋጅ ብቻ መሙላት አይቻልም። የሚሞላው የሥራ ቦታ ያለው ሰው ልጁን ወደ ሥራ ቦታው አስገብቶ ሲያስተምረው ነው።

እጅ እንዴት ይማራል?

«ሙያ በልብ ነው» ይላሉ አበው። ለእነዚህ ልጆች ግን ሙያ በቅድሚያ በእጅ ነው። በልብና በአፍ የማይገባቸው ብዙ ነገር በእጃቸው ይገባል።

ይህን በተግባር ካሳዩት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ማርክ ጎልድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መባቻ ከባድ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው፣ «አይማሩም» የተባሉ ወጣቶችን አምጥቶ 15 ክፍሎች ያሉትን የብስክሌት ፍሬን እንዲገጣጥሙ አስተማራቸው። ብዙ አልተናገረም። ሥራውን በትናንሽ እርምጃዎች ከፋፈለው፤ ዕቃዎቹን በቅደም ተከተል ደረደራቸው፤ በእጁ አሳያቸው፤ ሲሳሳቱ እንደገና በሌላ መንገድ እንዲሞክሩ አደረጋቸው። ተማሩትም። ጎልድ ከዚያ ተነስቶ የደረሰበት መደምደሚያ ከባድ ነው፦ ተማሪው ካልገባው ጉድለቱን መጀመሪያ በአስተማሪው ዘዴ ውስጥ ፈልጉ።

የብስክሌት ነገር ከተነሳ ከባሕር ዳር የተሻለ ምሳሌ የት ይገኛል? ባጃጁ ቢበዛባትም ብስክሌት ያልጠፋባት ከተማ ናት። በየመንገዱ ዳር ጎማ የሚለጥፍ ሰው ታያላችሁ። ጎማ መለጠፍን እስቲ እንከፋፍለው። ጎማውን ከቸርኬው ማውጣት፤ ካላማዳሪያውን ጎትቶ ማውጣት፤ መንፋት፤ ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ማግኘት፤ ምልክት ማድረግ፤ ማድረቅ፤ በሞረድ መፋቅ፤ ማስቲሽ መቀባት፤ ጥቂት መጠበቅ፤ ልጣፉን መለጠፍና አጥብቆ መጫን፤ ዳግም ውሃ ውስጥ መፈተሽ፤ ወደ ቦታው መመለስ፤ መንፋት። አሥራ ሦስት እርምጃ ነው። ከእነዚህ መካከል አንዱም የስምንተኛ ክፍል ፈተና አይጠይቅም።

ሲያስተምሩም ከመጨረሻው መጀመር ይረዳል። ጌታው ሁሉንም ይሠራና መንፋቱን ብቻ ለልጁ ይተውለታል። ልጁ ይነፋል፤ ጎማው ይወጠራል፤ ደንበኛው ከፍሎ ይሄዳል። ልጁ ሥራ ጨረሰ! በሚቀጥለው ሳምንት የመጨረሻዎቹን ሁለት እርምጃዎች ይሠራል፤ ቀጥሎ ሦስቱን። እንዲህ ሲሆን ልጁ በየቀኑ የሚያየው ያለቀ ሥራ ነው። ከመጀመሪያው ብንጀምር ግን በየቀኑ የሚቀምሰው ያልጨረሰውን ነገር ሌላ ሰው ሲነጥቀው ነው። አንዱ እርምጃ ላይ ለወራት ቢቆምም ችግር የለም። አረፋ መፈለግ ያቃተው ልጅ በሞረድ መፋቅና ማስቲሽ መቀባት ላይ ማንም የማይደርስበት ሊሆን ይችላል። ጌታው አረፋውን ያግኝ፤ ልጁ ይለጥፍ።

ባለሱቆችም «ይህ የጋራዥ ነገር ነው» ብላችሁ እንዳታልፉት። እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ ሲንሲናቲ ከተማ በአንድ የሕፃናት ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍልን የምትመራ ነርስ መደርደሪያዎቹ በየጊዜው ባዶ እየሆኑ ተቸገረች። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ወጣቶች ይህን ሥራ ለምን አይሠሩልንም ብላ ጠየቀች። ከዚያ ጥያቄ «ፕሮጀክት ሰርች» የሚባለው አሠራር ተወለደ። ተማሪው የመጨረሻውን የትምህርት ዓመት የሚያሳልፈው በእውነተኛ የሥራ ቦታ ውስጥ፣ ከአንዱ የሥራ ክፍል ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ነው፤ አስተማሪውም እዚያው ይከተለዋል። አሠራሩ ዛሬ ወደ ብዙ አገሮች ተስፋፍቷል። መነሻው ግን መደርደሪያ ነበር። በባሕር ዳር ገበያ መደርደሪያ የሌለው ሱቅ አለ?

ሐይቁ ዳር ያለው ትምህርት ቤት

የአሜሪካው ምሳሌ ሩቅ ከመሰላችሁ ወደ ጣና ዳር ውረዱ። እዚያ ነገደ ወይጦ የሚባሉ ወገኖቻችን አሉ። እስልምናን የተቀበሉ፣ ከደንገል ታንኳ የሚሠሩ፣ ቅርጫት የሚሰፉ፣ የወፍጮ ድንጋይ የሚጠርቡ ሰዎች ናቸው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ለዘመናት ሲንቃቸውና ሲያገልላቸው ኖሯል። አብረን ያልበላን፣ ልጃችንን ያልዳርንላቸው እኛም ጭምር ነን። ይህን መደበቅ አያስፈልግም፤ በአላህ ፊት የምንጠየቅበት ነው።

ታንኳ መሥራትን ማን አስተማራቸው? አባት ልጁን አጠገቡ አስቀመጠው። ልጁ በዐይኑ አየ፤ ደንገሉን ተሸከመ፤ አቀበለ፤ ጠፍር ሳበ፤ ቆይቶም ራሱ አሰረ። መግቢያ ፈተና አልነበረም። ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ታንኳ ራሱ ምስክር ወረቀት ነው። እንግዲህ እኛ የናቅናቸው ሰዎች ዛሬ የዓለም ባለሙያዎች የሚመክሩትን ዘዴ ከእኛ ቀድመው ይዘውት ኖረዋል፦ ሥራው ባለበት ቦታ፣ ከባለሙያው አጠገብ፣ ከትንሹ ወደ ትልቁ።

ከእነርሱ ኑሮ ግን ሌላም ትምህርት አለ። የጣና ደንገል እየተመናመነ ነው። እምቦጭ የሚባለው አረም እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ላይ መታየቱ ከታወቀ ወዲህ የዳርቻው ኑሮ ይበልጥ ተቸግሯል። የእጃቸው ሥራም ገበያ ላይ የሚያወጣው ዋጋ አነስተኛ ነው። ሙያ ብቻውን እንጀራ አይሆንም ማለት ነው፤ ገዢ ያስፈልገዋል። በየዓመቱ ለአካል ጉዳተኛ ወጣቶች የቅርጫት ወይም የሻማ ሥልጠና ተሰጥቶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ቅርጫቱ መጋዘን ውስጥ ሲቀር እናያለን። ስለዚህ «ልጁን ምን እናሠልጥነው?» ከማለታችን በፊት «በዚህ ሰፈር ማን ምን እያሠራ ነው? ማንስ ይከፍለዋል?» እንበል። ባሕር ዳር ዓሣ የሚታጠብባት፣ መረብ የሚጠገንባት፣ የሆቴል አንሶላ የሚታጠብባት፣ ልብስ የሚሰፋባት፣ እንጀራ የሚጋገርባት ከተማ ናት። ሙያው ከዚህ ይመረጥ።

የአባቶቻችን መወርወሪያ

ታሪካችንንም እናስታውስ። በሰሜኑ ደጋማ አካባቢ በብዙ ቦታ ሙስሊሙ ርስት የመያዝ መብት ተነፍጎት ኖሯል። መሬት የለህም ሲባል አባቶቻችን መስጂድ በር ላይ አልተቀመጡም። ነገዱ፤ ሸመኑ፤ ሰፉ። በጎንደርም በሌሎች ከተሞችም የሙስሊሙ ስም ከንግድና ከሽመና ጋር ተያይዞ የሚነሳው በዚህ ምክንያት ነው። ልጅም ሙያውን የተማረው ከአባቱ ጉድጓድ አጠገብ ተቀምጦ ድውር እያቀበለ ነበር።

ታዲያ «ከመሬቱ ድርሻ የለህም» የተባለ ሕዝብ ልጅ፣ ዛሬ ለገዛ ልጁ «ከሥራው ድርሻ የለህም» ሲል ምን ይባላል? በእኛ ላይ ሲሆን ግፍ ያልነው፣ በልጃችን ላይ ስንፈጽመው «ርኅራኄ» የምንለው ለምንድን ነው?

የአዛኑ ጉዳይ

የዐብዱላህ ኢብን ኡሙ መክቱምን (ረ.ዐ.) ታሪክ የማያውቅ ሙስሊም ቤተሰብ የለም። ዐይነ ስውሩ ሰሓባ ሊማሩ በመጡ ጊዜ የሆነውንና ሱረቱ ዐበሳ በምን ምክንያት እንደ ወረደች ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ልብ ያልነው ጥቂቶች ነን። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እኒህን ሰው በክብር አስቀምጠው ብቻ አልጦሯቸውም፤ ሥራ ሰጧቸው። ከቢላል (ረ.ዐ.) ጋር የመዲና ሙአዚን ነበሩ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ለጉዞ ሲወጡም መዲናን ወክለው ሰውን እንዲያሰግዱ ትተዋቸዋል።

አሁን ይህን አስተውሉ። የፈጅር አዛን የሚባለው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ጎህ ደግሞ በዐይን የሚታይ ነው። ዐይነ ስውር እንዴት ለፈጅር አዛን ይላል? ቡኻሪ በዘገቡት መሠረት ኢብን ኡሙ መክቱም ሰዎች መንጋቱን እስኪነግሯቸው ድረስ አዛን አይሉም ነበር። በቃ! ሥራው የእርሳቸው ነው፤ የጎደለችውን አንዲት ነገር ሌላው ሰው በአንዲት ቃል ይሞላታል። «ጎህን የማያይ ሰው ሙአዚን አይሆንም» ያለ አልነበረም። አዋጅ ቁጥር 568 ቀጣሪው ማድረግ አለበት የሚለው ማመቻቸት ከዚህ የተለየ አይደለም። ያ በመስጂድ በር ያለፋችሁት ወጣት ምናልባት የሚያስፈልገው «አሁን ነው፤ ጀምር» የሚለው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ሊለምን ስለመጣው የአንሷር ሰው የሚተረከውም አለ። አቡ ዳዉድ ዘግበውታል፤ በሰነዱ ላይ ዑለሞች ቢነጋገሩበትም መልእክቱን የሚደግፉ ሰሒሕ ሐዲሶች አሉ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤትህ ውስጥ ምን አለ ብለው ጠየቁት፤ ያለውን ልብስና ዋንጫ አስመጥተው በሁለት ዲርሀም ሸጡለት። በአንዱ ለቤተሰቡ ምግብ፣ በሌላው መጥረቢያ እንዲገዛ አደረጉት። እጀታውን በገዛ እጃቸው አስገቡለት። እንጨት ቁረጥና ሽጥ፤ እስከ አሥራ አምስት ቀን አልይህ አሉት። ሰውየው አሥር ዲርሀም ይዞ ተመለሰ። ምን ምን እንዳደረጉለት ቁጠሩ፦ መሣሪያ፣ የታወቀ ገበያ ያለው ሥራ፣ የእጅ እገዛ፣ ውጤቱ የሚታይበት ቀጠሮ። ዛሬ ሥልጠና የምንለው ከእነዚህ የስንቱን ያሟላል?

ኢማም አን-ነወዊም «አል-መጅሙዕ» በተባለው ኪታባቸው በሻፊዒይ መዝሀብ ሙያ ላለው ድሃ ከዘካ የሙያውን መሣሪያ የሚገዛበት ያህል እንደሚሰጠው አስፍረዋል። የመሣሪያው ዋጋ ቢያንስም ቢበዛም። እንግዲህ ዘካችሁ በየዓመቱ ለአንድ ሰው የአንድ ሳምንት ምሳ ከሚሆን፣ የልብስ ስፌት መኪና ወይም የጎማ መለጠፊያ ዕቃ ሊሆን እንደሚችል በአካባቢያችሁ ያሉትን ዑለሞች ጠይቁ።

ሰበብ አናብዛ

«የአላህ ውሳኔ ነው፤ ምን እናድርግ?» የሚል አለ። ጉዳቱ የአላህ ቀደር ነው፤ ሥራ ፈትቶ መቀመጡ ግን የእኛ ውሳኔ ነው። በራሳችን ውሳኔ ላይ የአላህን ስም አንጥራ።

«ሰው ይስቅበታል» የሚል አለ። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው። መጀመሪያ የሚስቀው ሰፈር፣ ልጁ በየቀኑ በሰዓቱ ሱቅ ሲከፍት ካየ አፉን ይዘጋል። የተደበቀ ልጅ ግን ምንጊዜም መሳቂያ ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስን አስታውሱ። ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን ትምህርት ቤቶች አልቀበል ሲሏቸው አልደበቁትም፤ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። እርሳቸው ራሳቸው የውበት ሙያ ማሠልጠኛ ያቋቋሙ ባለሙያ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2021 ሕይወታቸው ሲያልፍ፣ ቀድሞ ስሙ እንኳ የማይታወቀው ኦቲዝም በየቤቱ የሚነገር ሆኖ ነበር። አንዲት እናት አደባባይ በመውጣቷ ስንት በር ተከፈተ!

«ሴት ልጅ ናት፤ ጉዳት ይደርስባታል» የሚል ወላጅ አለ። ይህ ሰበብ አይደለም፤ እውነተኛ ስጋት ነው። መልሱ ግን መቆለፍ አይደለም፤ ቤት ውስጥም ጉዳት ይደርሳል፤ የተቆለፈባት ልጅ ደግሞ የሚሰማት የለም። ሴት ባለሙያ ዘንድ ትማር፤ ሁለት ሆነው ይሂዱ፤ «አይሆንም» ማለትን፣ የደረሰባትን መናገርን ከመርፌው በፊት አስተምሯት።

«አገሩ ሰላም አይደለም፤ አሁን የዚህ ጊዜ ነው ወይ?» የሚልም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የተነሳው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፤ ብዙ ወጣቶችንም አካል ጉዳተኛ አድርጓል። በዚህ የተነሳ ነው ጉዳዩ የሚያስቸኩለው። ለኮሌጅ ግንባታ ሰላምና በጀት ያስፈልግ ይሆናል። በራሳችሁ ሰፈር፣ በራሳችሁ ስፌት ቤት አንድ በርጩማ ለመጨመር ግን የማንም በጀት አያስፈልግም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በርጩማ ስል ነፃ ጉልበት ማለቴ አይደለም። «ለአላህ ብዬ አስጠጋሁት» እያሉ ያለ ክፍያ ማሠራት ግፍ ነው። ልምምዱ ቀነ ገደብ ይኑረው፤ ከዚያ በኋላ የሠራበት ይከፈለው። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ ቀጥሮ ማሠራት ይከለክላል፤ ለዚህም ልጅ ሕጉ ያው ነው። ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ የቤትና የትምህርት ቤት ነው፦ ሳህን ማጠብ፣ ልብስ ማጠፍ፣ ገበያ ደርሶ መምጣት፣ ሰዓት ማክበር። ይህን ያልለመደ ልጅ በአሥራ ስምንት ዓመቱ በድንገት ሠራተኛ አይሆንም።

ከዚህ ወር ጀምሮ

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ የማይችለውን ዘርዝራችሁ ጨርሳችኋል፤ አሁን የሚችለውን ጻፉ። እጁ ምን ይወዳል? ውሃ? ጨርቅ? ብረት? አንድ የቤት ሥራ ሙሉ በሙሉ የእርሱ ይሁን፤ እርሱ ካልሠራው ማንም አይሥራው።

ነጋዴዎችና የእጅ ባለሙያዎች ሆይ! በየሱቃችሁ አንድ በርጩማ። አንድ ልጅ፣ አንድ ሥራ፣ በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን ይጀመር። ለአንዱ ከከበደ ሦስት ሱቆች ይካፈሉት፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። መስማት የተሳናትን ልጅ የምትቀበል ሰፊ፣ መቀስ፣ መርፌ፣ ክር፣ ጥሩ፣ ድገሚው የሚሉትን ምልክቶች ከራሷ ከልጅቱ ትማር። የጎደለው ቋንቋ የልጅቱ ብቻ አይደለም።

የልዩ ክፍል መምህራን ሆይ! የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ከክፍሉ ውጭ ይሁኑ። ልጁን እስከ ሱቁ ተከተሉት፤ ሥራውን ከፋፍላችሁ ለጌታው አሳዩት፤ ሲለምድ ቀስ በቀስ ራቁ። የኮሌጅ ኃላፊዎችም ፈተና የማይጠይቁ አጫጭር ሥልጠናዎች ለእነዚህ ልጆች ክፍት ናቸው ወይ ተብለው ይጠየቁ፤ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ አለ ወይ ተብለውም ይጠየቁ። እስካሁን ያልጠየቅናቸው እኛ ነን።

የመስጂድ ኮሚቴዎች ሆይ! በበራችሁ የሚቀመጡትን ወጣቶች ቁጠሩ፤ ዕድሜያቸውንና የሚወዱትን ሥራ መዝግቡ፤ ከጀመዓው መካከል ያሉትን ባለሱቆችና ባለሙያዎችም መዝግቡ። ሁለቱን ዝርዝሮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ሥራው ከዚያ ይጀመራል።

ውድ አንባቢ! በሚቀጥለው ጁሙዓ ከመስጂድ ስትወጡ ያ ወጣት እዚያው ይኖራል። ሳንቲሙን ስጡት። ከዚያ ግን ጎንበስ በሉና እናቱን ጠይቋት፦ «ልጅሽ በእጁ ምን መሥራት ይወዳል?» ምናልባት ይህን ጥያቄ ከተወለደ ጀምሮ የጠየቃት ሰው የለም። መልሷን ይዛችሁ ወደ ሱቃችሁ ሂዱ፤ ጥግ ላይ ያለውን በርጩማም አቧራውን ጥረጉለት።

ወቢላሂ ተውፊቅ።